የእኛ ማሳ ብቻ

ትናንት አዲሷ ሠራተኛችን «እትዬ፣ ሰው ሁሉ እስኪቆጥር መጠበቃችን አልበዛም?» አለችኝ። በራችን ላይ በተዘረጋው እርጥብ ጨርቅ መቶ የስንዴ ፍሬ ተደርድሯል። ስንቱ እንደበቀለ ገዢው ራሱ ሳያይ በዘር አቅራቢ ማኅበራችን አንድ ጆንያ አይሰፋም። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ወገዳ ከተማ ውስጥ ከአንድ ዘር አከፋፋይ ዘንድ ጆንያ እሰፋ ነበር። ዋስ ሆነው ያስቀጠሩኝ የክርስትና እናቴ ባል፣ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ደመቀ ናቸው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና መግባቱ ሳይቋረጥ፣ ከመጋዘኑ ጥግ ነቀዝ የነካው የከረመ ስንዴ አስወጡና «ምርጥ ዘር» የሚለውን ወረቀት እንድሰፋበት አዘዙኝ።

ጠረጠርኩ። መቶ ፍሬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወሰድኩና ቤት በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። በሳምንቱ ስፈታው የበቀለው አሥር እንኳ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ አይበቅልም» አልኳቸው።

«አንቺ ስፊ፤ የሚያበቅለው እግዜር ነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አደራ ልጄ፣ እንዳታዋርጂኝ» አሉኝ። ብናገር ዋስ የሆኑኝን ሰው አዋርዳለሁ፤ ዝም ብል ሰፈሬን አስርባለሁ። መውጫ አጣሁ። ሰፋሁ።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ነበረች፤ ለመንገዴ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ ትቋጥርልኛለች። ጆንያዋን ልትወስድ ስትመጣ «አንቺ የሰፋሽው ከሆነማ ልቤ ሞላ» ብላ ሳመችኝ። ቆሎዋ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጆንያውን አሸከምኳት። ቤት ስገባ ለአባቴ ብቻ «ከእነሱ አይግዙ፤ ያምናውን የራሳችንን ይዝሩ» አልኳቸው።

ክረምቱ እንደ ልብ ዘነበ። ሐምሌ ሲያልቅ ከሰፈራችን ጥቁር መሬት መካከል የለመለመ አንድ ማሳ ብቻ ነበር፤ የእኛ። ጋሽ ደመቀ ዝናቡን አሳበቡ። የእኛን ማሳ ያየ ሁሉ ግን ዝናቡ እንደማይከሰስ አወቀ።

እትዬ የሺ ድንበሩ ላይ ቆማ አየችው። አልጮኸችም።

«አውቀሻል ለካ» አለችኝ። «ታዲያ ለልጆቼ ምን እንደማበላ ንገሪኛ።»

ይህን የመቁጠር ሥርዓት ባወጣ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

ሠራተኛዋን «አልበዛም» አልኳት። ከፊታችን የእትዬ የሺ የመጨረሻ ልጅ ጎንበስ ብሎ ፍሬውን ይቆጥር ነበር። አሁን ጎልማሳ ነው። ዘጠና ስድስት በቅሏል። ጨርሶ ቀና አለና አየኝ፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ ጀመረ።