የማይጨማደደው ዩኒፎርም

ዛሬ ጠዋት ነርሷ የጋሽ በራሶን እጅጌ በመቀስ ስትቆርጥ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጨርቁ ቀልጦ ክንዳቸው ላይ ተለጥፏል።

እኔና ጋሽ በራሶ ዲላ ውስጥ የአንድ ቡና መፈልፈያ ጥበቃዎች ነን። የገለባው ክምር እሳት ሲነሳበት መጀመሪያ የምንሮጠው እኛ ነን። ዛሬም ሮጥን።

እሳት የሚቋቋም ልብስ ይገዛልን ብለን በደብዳቤ ጠይቀን ነበር። የመረጠልን ግን ቢሮ የሚውል ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጨርቁን በእጁ ጨምድዶ ለቀቀና «አያችሁ? አይጨማደድም፤ ካውያ አይፈልግም!» አለን። ኮሚቴው አጨበጨበ።

እንግዳ ሲመጣ በር ላይ እንድናምር ነዋ!

ጪጩ ገበያ ጋቢ የሚገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ ክር መዝዞ በክብሪት ያቃጥላል። አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ከቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ኮሚቴው አንድ ክብሪት አጥቶ ነው?

ከሰዓት ሰብሳቢው ጤና ጣቢያ ሊጠይቃቸው መጣ። ጋሽ በራሶ በደህናው እጃቸው የተቆረጠውን እጅጌ አቀበሉትና «እውነትህን ነው ልጄ፤ አልተጨማደደም» አሉት።

እናንተ መሥሪያ ቤት ያሉ ጥበቃዎችስ ምን ለብሰዋል? ነገ ስትገቡ አንድ ክር ለምናችሁ ሞክሩት፤ ከቀለጠ እዚህ ጻፉልኝ።