ድንጋይ የሚበላው ሬዲዮ

ወንድሜ ከሙዝ ሽያጭ ባጠራቀመው ሬዲዮ ገዝቶ መንደራችን ላንቴ ሲገባ፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን የባትሪ ድንጋዮቹን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ድንጋይ የሚበላ እንግዳ አመጣህብን! ማን ሊቀልበው ነው?» ብለው አሳቁን።

በዓመቱ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሬዲዮው ከእናቴና ከእኔ ጋር ቀረ።

አብረውት ከዘመቱት የሁለቱ መርዶ ከመጣ በኋላ ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ወታደሮች በሬዲዮ ለቤተሰቦቻቸው ሰላምታ በሚያቀርቡበት ሰዓት፣ በሰኔ የመጨረሻው እሑድ እሱም እንደሚናገር ጽፎልናል። እናቴ ወረቀት አላመነችም። ድምፁን ካልሰማሁ አለች።

ድንጋዮቹ ግን አልቀው ነበር። እናቴ እንደ ሁሉም ሰው ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው፤ ሲሞቃቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉና። ሰኔ ደግሞ ደመና ነው። ቅዳሜ ዕለት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ኅብረት ሱቅ ድንጋይ ገብቷል ሲባል በእግሬ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አማርኛዬ እንዳይሰበር ፈርቼ አሳጠርኩት።

«ድንጋይ» አልኩ፣ ብቻውን።

«ድንጋይማ ኩልፎ ወንዝ ሞልቶልሽ የለ እንዴ!» አለ ሻጩ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቤት ልትሠራ ነዋ! ባሏ ማነው?» አለ ከኋላዬ ሌላው።

«የባትሪ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ዛፍ ሥር ቆሜ ቃሉን ደጋግሜ ካጠናሁ በኋላ ተመልሼ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆምኩ።

«አለቀ፣ እህቴ» አለኝ ሻጩ። አሁን አልሳቀም።

እሑድ ያሉንን ድንጋዮች ከትተን ከፈትነው። እናቴ አማርኛ ስለማትሰማ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ተቀመጠች። የሬዲዮው ድምፅ ገና ከጅምሩ ሰለል ያለ ነበር። ክፍለ ሀገሮች ተጠሩ። «ጋሞ ጎፋ፣ አርባ ምንጭ፣ ላንቴ ለምትገኙ...» አለ አንድ ወንድ፤ ከዚያ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ከላንቴ የዘመተው ወንድሜ ብቻ አልነበረም።

«ምን አለ?» አለችኝ በጋሞኛ።

«ደህና ነኝ አለ።»

ሬዲዮውን አየችው። «ድምፁ ከስቷል» አለች።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም አልመጣም። እናቴ ግን ያን እሑድ ድንጋዮቹን አውጥታ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ደጅ ደመናው ሥር አሰጣቻቸው።