ከማሻሻያ ጋር

ሞጆ ላይ፣ ከአንድ የቆመ ተሳቢ ኋላ ሆኜ ፎቶ ሳነሳ ነው የተያዝኩት። የጭቃ መከላከያው ላይ በቀይ ቀለም «አትቸኩል፣ እኔም አልደረስኩም» ተብሎ ተጽፏል። ብርሃኑ ጥሩ ስለነበር ጠጋ ብዬ ደግሜ ላነሳ ስል አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የነበረበት ነው፤ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ካሜራ ይዞ መገተር እንደማያዋጣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬን አምኜ ነበር። አዳማ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ የዚያን ሰሞን ጥናቴ ሹፌሮች መኪናቸው ላይ በሚያስጽፉት ነገር ላይ ነበር። ይህንኑ ለያዘኝ ሰው ብነግረው ትንሽ አየኝና «ሌላ አምጣ» አለኝ።

ወደ አዳማ ወሰዱኝ። የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ እስረኛ ሲበዛ ጊዜ ከፈቱት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከላይ በኩል ጠባብ። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው የጤፍ ብናኝ ላብ ሲነካው ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሁሉም ሸሚዙን አውልቆ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሚያወራ የለም። ሙቀቱስ ይለመዳል። የሚያደክመው መመላለሱ ነው። ትጠራለህ፣ ያንኑ ትጠየቃለህ፣ ያንኑ ትመልሳለህ፣ ትመለሳለህ። በመጨረሻ የራስህ መልስ ለራስህም ውሸት ይመስልሃል።

ከዶክተሩ ጋር የተዋወቅነው በጥርሴ ነው። ጠና ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ስገባ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና «እስቲ ሳቅ በል» አሉኝ። ግራ ገብቶኝ ፈገግ አልኩ።

«ወንጂ ነው ያደግከው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። በእኛ በስምጥ ሸለቆው ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የልጅ ጥርስ የሚያበልዝ፣ ሲብስም አጥንት የሚያጎብጥ ነገር አለ። ዶክተሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እሱን ሲያጠኑ ነው። አንድ መንደር ውስጥ «ይህን ውሃ ለልጆቻችሁ አታጠጡ፤ ለሚመለከታቸው ስንነግር ዓመታት አልፈዋል» በማለታቸው ሕዝብ አነሳስተዋል ተብለው ታሰሩ። መኪናቸው ላይ የተገኘውን የናሙና ውሃ፣ የአንድ በጋ ልፋታቸውን፣ ጠባቂዎቹ ግቢው ውስጥ ላለው አትክልት አጠጡት። ይህንን ሲነግሩኝ እንኳ ድምፃቸው አልተለወጠም። «አትክልት ጥርስ የለው» አሉ።

ከእኛ ሌላ የጋሪ አህዮችን የጀርባ ቁስል የሚያጠና የእንስሳት ሐኪም ነበር። ጠባቂዎቹ ሦስታችንን «ዩኒቨርሲቲዎቹ» ይሉናል። አንድ የሻሸመኔ ድንች ነጋዴ ደግሞ ከሁሉም በላይ በእኛ ይዝናና ነበር።

«አንዱ የጉድጓድ ውሃ፣ አንዱ የአህያ ጀርባ፣ አንዱ የመኪና ቂጥ» አለ አንድ ቀን። «አገሩ ሌላ የሚጠና ነገር አጣ እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«የአህያውስ ይሁን፤ ቁስል ነው፣ ይታያል። ያንተን ግን እውነቴን ነው አልገባኝም። ልኬት የለው፣ ቁጥር የለው። ምኑን ከምኑ ልታወዳድር ነው?»

መርማሪው ከሚለኝ ሁሉ ይልቅ ይሄ አመመኝ። እሱ ሰላይ ነህ ነው የሚለኝ፤ እሳቸው ግን ሥራ የለህም ያሉኝ መሰለኝ። መልስ ነበረኝ፤ ሙቀቱ ውስጥ መከራከር ሰልችቶኝ ተውኩት።

ዶክተሩ የሚያስቡት ስለ እሁድ ነበር። የትልቋን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡት እሁድ ነው፤ ቀኑ የተቆረጠው ከመታሰራቸው በፊት ነው። ሚስታቸው ነጭ ሸሚዝ በፌስታል ልከውላቸው አልለብስም ብለው ራስጌያቸው አስቀምጠውታል። ቤታቸው ሆነው ሊለብሱት ነው።

«በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጣቸውም» ይሉኛል፤ እኔ ስለ ደንቡ የማላውቅ ይመስል። «ቀጠሮ ነው የሚሰጣቸው። ቀጠሮውን ለመስጠት ግን አባት መኖር አለበት።»

ዓርብ ጠዋት እሳቸውንና እኔን አንድ ላይ ጠሩን። አንድ ላይ ተጠርተን አናውቅም። መርማሪው ወጣት ነው፤ አይጮህም፣ አይማታም። ዶክተሩ ሲገቡ ከወንበሩ ተነስቶ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው።

«አካም ቡልተኒ፣ ዶክተር። ይቀመጡ።»

እኔ ቆምኩ። ያነሳኋቸው ፎቶዎች ታትመው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

«ጥናት ማለት ምን እንደሆነ እኔም አላጣሁትም» አለ መርማሪው። «ማስተርሴን ቅዳሜና እሁድ እየተማርኩ ነው። ጥናት መጠይቅ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው። ይሄ ልጅ የሰበሰበው የመኪና ኋላ ነው፤ ከጽሑፉ ጋር ታርጋው ይታያል። እርስዎ ትልቅ ምሁር ነዎት። ይሄ ጥናት ነው?»

መርማሪው ነጭ ወረቀትና ብዕር ወደ ዶክተሩ አስጠጋ።

«አይደለም ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። የርስዎን ፋይል ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ። «ባለቤትዎ በር ላይ ነው የሚውሉት። የእሁዱን ነግረውኛል።»

ወለሉን አየሁ። የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ በሰው ፊት ብለውታል። መዋሸት እንኳ አይጠበቅባቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር አልተቀየምኳቸውም፤ ደክሞኝ ነበርና ቶሎ ብለው ጽፈው ቢጨርሱት ብዬ ተመኘሁ።

መነጽራቸው ሲያዙ ስለተሰበረ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ቸኩለው አላዩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና እዚያ ክፍል ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ሞጆን ለምን መረጥክ?»

«ዶክተር፣ የጠየቅኩት እርስዎን ነው» አለ መርማሪው።

«ሳልፈትነው ምን ብዬ ልጻፍ? የማንንም ተማሪ ሥራ ሳልጠይቅ ፈርሜ አላውቅም።» ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። «ሞጆን ለምን መረጥክ?»

መኪኖቹ ከወደብ ሲመጡ እዚያ እንደሚያድሩ፣ ጽሑፉን የሚጽፉት ባለቀለሞችም እዚያው ስለሚገኙ እንደሆነ ተናገርኩ።

«ቃሉን የሚመርጠው ማነው? ሹፌሩ፣ ባለንብረቱ ወይስ ጸሐፊው?»

«እንደ መኪናው ይለያያል።»

«በምን አወቅክ?»

«ጠይቄ።»

«ሁሉንም?»

«ያገኘኋቸውን።»

«ያላገኘሃቸው ሌላ ነገር የሚሉ ቢሆኑስ?»

ያለሁበትን ረሳሁ። ከተያዝኩ ጀምሮ መልሱን ፈልጎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ተናገርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ አረምኩ፤ እጄ ወደ ፎቶዎቹ ሄዶ እየለየ ያሳይ ጀመር። መርማሪው እጄን አልከለከለኝም።

«ሻሸመኔስ?» አሉ ዶክተሩ። «የደቡቡ መኪና ሁሉ እዚያ ነው የሚገናኘው። አልሄድክም?»

«አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«ሞጆ ላይ ተያዝኩ።»

መርማሪው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው። ዶክተሩ ብዕሩን አንስተው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ከዚያም ጮክ ብለው አነበቡት። «ዘርፉ የእኔ አይደለም። ጠይቄዋለሁ፤ መልሷል። ሥራው ጥናት ነው። ሻሸመኔ ይቀረዋል። ከማሻሻያ ጋር አልፏል።»

መርማሪው ወረቀቱን ብዙ አየው።

«ዶክተር፣ እሁድ እኮ…»

«አውቃለሁ» አሉ።

ስንመለስ በአትክልቱ አጠገብ አለፍን። «ጥናቴን አይወዱትም ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አሁንም አልወደድኩትም» አሉ። «እሱ ሌላ ነገር ነው።»

እሁድ ጠዋት ከጀሪካኑ በኮዳ ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ። ሸሚዙን ከፌስታሉ አውጥተው ለበሱ፣ እስከ አንገታቸው ቆለፉት፣ በሩን ፊት ለፊት አድርገው ተቀመጡ። ግድግዳውን አልተደገፉም። ስለ እሁዱ ያልነገሩት ሰው እንኳ ነገሩ ገብቶታል። መጀመሪያ የተነሳው የድንች ነጋዴው ነው፤ ሸሚዙን ለብሶ በቀኛቸው ተቀመጠ። የእንስሳት ሐኪሙና እኔም ለብሰን በግራቸው ሆንን። በዚያ ሙቀት እንደዚያው ተቀምጠን አረፈድን። በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ፀሐይዋ መስኮቱን ስትለቅ ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ፌስታሉ ውስጥ መለሱት።

በነጋታው ከምግቡ ጋር ወሬው መጣ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር። አባት መስክ ሥራ ላይ ነው ተብለው ነበር፤ እውነቱን ግን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ነበር። የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሱ፣ ቀጠሮም አልጠየቁም። ከዚያ በኋላም አልተመለሱም።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ፤ እሳቸው ቆይተው። ክስ የሚባል ነገር ማንም አላነበበልንም። ብዙ ጊዜ የመኪና ጽሑፍ ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። በኋላ ግን ሻሸመኔ ሄድኩ፤ ካሜራ አልያዝኩም፣ በእርሳስ ነው የገለበጥኩት። አንድ ሹፌር ከጎማው ሥር ቀና ብሎ «ይሄ ምን ይሠራልሃል?» ቢለኝ «ማሻሻያ አለብኝ» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሥራውን ቀጠለ።

ያለቀውን ጽሑፍ ይዤ ዶክተሩ ቤት የሄድኩት ባለፈው ክረምት ነው። በሩን የከፈተችልኝ ትልቋ ልጃቸው ናት። ስፈራ የነበረው እሷን ነው። ጣቷ ላይ ቀለበት መኖር አለመኖሩን ላለማየት ጣርኩ።

«አባዬ መቂ ነው» አለች። «የናሙና ጠርሙሱን ይዞ ሄዷል።»

ማንነቴን ነገርኳት። አስገባችኝና እጇን ዘረጋች፤ ጽሑፉን ሰጠኋት።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው» አልኩ። እጄ ላይ ሲቆይ የከበደኝ ጥራዝ እጇ ላይ ሳየው ቀጭን ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ለየትኛው ጥፋት እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ተቀምጣ ታገላብጥ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሳቅ አለች፤ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ አላየሁም። መጨረሻው ላይ ደርሳ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፣ የሆነ ነገር ፈለገች፣ ያጣችው መሰለኝ።

«የባጃጆቹ የለም» አለች። «አዳማ እየኖርክ ባጃጅ ዘለልክ?»

ብዕሬን አወጣሁና ከጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፍኩት።