በኮባ የተጠቀለለው ወረቀት

ልጅ እያለሁ የሆሳዕና ክረምት ለእኔ ሁለት ሽታ ነበረው። አንዱ ከየጓሮው የሚመጣው የእርጥብ እንሰት ሽታ ሲሆን ሌላው ከአባዬ ሸሚዝ ታጥቦም የማይለቀው የፎቶ ኮፒ ቀለም ነው። አባዬ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የማባዣ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ክፍል ይባል እንጂ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ጓዳ ነበረች፤ ሠራተኛዋም እሱ ብቻውን ነበር። ጓዳዋን ግን የከተማችን ብቸኛ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሞልቷታል። እኛ ልጆቹ በዚያች ማሽን የምንኮራውን ያህል የአስተዳዳሪው ልጆች በላንድሮቨራቸው አይኮሩም ነበር።

ማሽኗ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ አንድ ፕሮጀክት የተረፈች ነበረች። ከአዲስ አበባ የመጣው ቴክኒሻን አንድ ጊዜ ሲፈታታት አባዬ ከአጠገቡ ሳይነቃነቅ ዋለና ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠግናት ጀመር። መስታወቷን በገዛ መሀረቡ ይወለውላል፤ ሆዷን ከፍቶ የፈሰሰውን ቀለም በላባ ይጠርጋል። እራት ላይ ስለ እሷ ሳያወራ አያልፍም። «ይቺ ማሽን ሰው አታሳፍርም» ይላል። እማዬ ደግሞ እየሳቀች «ጣውንቴ» ብላ ስም አወጣችላት። አንድ በጋ ሙሉ ስትጠልፍ ከርማ፣ ዳር ዳሩን ቀይ አበባ ያለበት ነጭ ልብስ ሰጠችው። «እንካ፣ ጣውንቴን አልብስልኝ፤ ይበርዳታል» አለችው። አባዬ ማታ ማታ ማሽኗን በዚያ ልብስ ሸፍኖ ነው ወደ ቤት የሚመጣው።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ በዚያ በኩል እናልፍ ነበር። አባዬ ገና ከማሽኗ የወጣውን ወረቀት አንስቶ ጉንጬ ላይ ይለጥፍልኛል። በዚያ ብርድ የወረቀቱ ሙቀት እስከ ጥርሴ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ከሆመቾ የመጡ ሽማግሌ የመሬት ክርክር ወረቀታቸውን አስባዝተው ሁለቱንም አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «የኔ የቱ ነው? ልጆችህን ይዘህ ማልልኝ» ብለው አባዬን አፋጠጡት። ማርቆስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ውጭ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ማርቆስን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ሳቁ ነው።

ማርቆስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ለመምህራን ማሠልጠኛ ስሙ የወጣው በክረምት ነው። ደስታችን ግን አልቆየም። ወቅቱ የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነበርና ቀበሌው የጎረምሶችን ስም ይመዘግብ ጀመር። ለትምህርት የተጠራ ከውትድርናው ይቀራል ተብሏል። ይሁንና የጥሪ ወረቀቱ ኮፒ በአውራጃው ማኅተም ተመትቶ ለቀበሌው መግባት አለበት፤ ያንን ያስገባ የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል። አባዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በከተማው ውስጥ ኮፒ የማያሳስበው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። አባዬ ለማሽኗ የቀረውን ወረቀት ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ወደ ቤት አመጣው። እማዬም የማርቆስ ጉዳይ ያለበት ነው ብላ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሕፃን ተቀበለችው። ጓሮ ወርዳ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ ቆረጠች፤ ወረቀቱን ደራርባ ጠቀለለችና በቃጫ አሰረችው። በእኛ አገር የተከበረ ነገር ሁሉ በኮባ ነው የሚጠቀለለው። ቅቤውም ቆጮውም ለዘመድ የሚላከውም እንደዚያው ነው። ለማናችንም ሌላ ነገር አልታየንም። ወረቀቱ እዚያ ኮባ ውስጥ ሰነበተና አባዬ እንደታሰረ ተሸክሞት ወደ ቢሮ ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ማሽኗ እምቢ አለች። የመጀመሪያው ወረቀት ተጨማዶ ውስጧ ቀረ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ተጣብቀው ገቡ። አባዬ ሆዷን ከፈተ፣ ጎማዎቿን ጠረገ፣ እንደገና ገጠማት። እኔ ምሳውን ሳደርስለት ክንዱ እስከ ክርኑ ጠቁሮ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። በማግስቱም ያው ሆነ። ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን እንጠብቅ ቢባል ቀበሌው የሚጠብቅ አይደለም።

ማርቆስ ግን አልተጨነቀም። «አባዬ፣ ግድ የለም። ሻሸመኔ ሄጄ ኮፒ አስደርጌ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ» አለ። እማዬ ቆጮ ጠቅልላ ሰጠችው። እኔን አፍንጫዬን ቆንጥጦ እስክሪብቶ እንደሚያመጣልኝ ቃል ገባልኝና በዶዮገና፣ በዱራሜ አድርጎ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ።

መንገድ ላይ አዲሎ ሲደርሱ ወታደሮች መኪናውን አስቁመው ጎረምሳውን ሁሉ አወረዱት። የይለፍ ወረቀት ያለው ይለፍ ተባለ። ማርቆስ የጥሪ ወረቀቱን ቢያሳይም የሚሰማው አላገኘም። ይህን የነገረችን አብራው የተሳፈረች ጎረቤታችን ቅቤ ነጋዴ ናት። ጉዞዋን ትታ የማርቆስ የጥሪ ወረቀት ያለበትን ፖስታ በጉያዋ ይዛ ተመለሰች። «ወረቀቱን እጄ ላይ ጣለልኝ። ‹አባዬ ቶሎ ኮፒ አንስቶ ይድረስልኝ› አለ፤ እየተጫነ ነው እንዲህ ያለኝ» አለችን።

አባዬ ፖስታውን ነጥቆ ወደ ቢሮው ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ማሽኗን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ከዚያ ምን እንደታየው አላውቅም፣ ከኮባው ውስጥ አንድ ወረቀት መዝዞ እኔ ላይ ያደርግ እንደነበረው ጉንጩ ላይ ለጠፈው። እንደዚያው ይዞት ቆመ። ቀጥሎ ኮባውን አሸተተው። ኮባው ሲይዙት የማያስታውቅ እርጥበት ለወረቀቱ ሰጥቶት ኖሯል። አባዬ ወረቀቶቹን በረንዳው ላይ ብልጭ ያለች ፀሐይ ላይ ዘረጋጋቸው፤ እኔ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጠጠር አስቀመጥኩባቸው። ሲደርቁ አጎረሳት። ማሽኗ አንዴ እንኳ ሳታንገራግር የማርቆስን ስም ጥርት አድርጋ አወጣችው።

አባዬ ያንን ኮፒ እያየ አለቀሰ። ከዚያ እጄን ጨብጦ፣ «አስቱ፣ እናትሽ ከጠየቀችሽ ማሽኗ ናት የተበላሸችው። ወረቀቱ ነው እንዳትዪ» አለኝ። ማኅተም አስመትቶ ቀበሌ ሮጠ፣ ከቀበሌ ወታደራዊ ኮሚሳሪያት ሮጠ። ልጆቹ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሄደዋል ተባለ።

ከሰሜን ጦር ግንባር የማርቆስ አንድ የሰላምታ ወረቀት መጣ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣም። እማዬ «ጣውንቴ ልጄን በላችው» እያለች በሀዲይኛ ስታለቅስ አባዬ አጠገቧ ተቀምጦ «እውነትሽን ነው፤ እምነት የሌላት ብልሹ ናት» ይላል። የተጠለፈውን ልብስ ከማሽኗ ላይ አንስቶ አመጣላትና ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ ከዚያችው ማሽን ጋር ዋለ፤ አንድም ቀን አላሳፈረችውም። ይህን ቤታችን ውስጥ ተናግሮት አያውቅም። ደርግ ወድቆ ወታደሮች በየመንገዱ ሲመለሱ እማዬ መናኸሪያ ቆማ ፊታቸውን ታይ ነበር። አባዬንም እስከ መጨረሻዋ «የማርቆስ አባት» ብላ ነው የጠራችው።

እማዬን የቀበርን ቀን ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። አባዬ «ማሽኗ እኮ ምንም አልነበራትም፣ አስቱ። ደህና ማሽን ነበረች» አለኝ። ያንን ያህል ዘመን የሚወዳትን ማሽን ሲሰድብ የኖረው እናቴ የገዛ እጇን እንዳትጠላ ነው። ከዚያ በኋላ እሱም ብዙ አልቆየም።

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ በየደጃፉ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለፈው ክረምት የልጄን የትምህርት ማስረጃ ይዤ አንዱ ጋ ገባሁ። ማሽኑ ወረቀት ነከሰ። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ በስልኳ እያወራች ከፈተችው፣ የተጨማደደውን ሳብ አድርጋ ጣለችና ሌላ እሽግ ወረቀት ቀደደች። «እርጥበት ነው፣ እናቴ፤ ክረምት ላይ እንዲህ ያደርጋል» አለችኝ። ስልኳን ሳትዘጋ ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ባንኮኒውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ስንት ኮፒ ላድርግልዎት?» አለችኝ።

ያኔ ለእኛ አንድ ይበቃን ነበር።