የጋሽ ከድር ሠላሳ አንድ ልጆች

የማጸዳው ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ ምሳ ሰዓት ላይ የሚጫወቱበት የጠረጴዛ ቴኒስ አላቸው። ባለፈው ሳምንት ሶፋው ሥር ስጠርግ ጎኗ የተጨፈለቀ አንዲት ኳስ አገኘሁ። ማንም ሳያየኝ ሻይ ወደሚፈላበት ክፍል ወሰድኳትና ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ የፈላ ውሃ አፈሰስኩባት። ትንሽ ቆይታ ጎኗ ሞላና ክብ ሆነች፤ ያን ጊዜ እንደ ቪክስ ያለ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ መወልወያውን እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ያንን ሽታ የማውቀው የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። እናቴ ደግሞ ከእጄ ላይ አሽትታ ያልደረሰችበት ብቸኛው ሚስጥሬ እሱ ነበር።

ሰፈራችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት፣ ኮረኮንቹም አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። ቤታችን ጨረቃ ቤት ነው። ጨረቃ ቤት ማለት ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ቆሞ፣ ጠዋት ሰው ሲነሳ ከዱሮም እዚያው የነበረ መስሎ ሊያታልል የሚሞክር ቤት ነው፤ ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ግን ማንንም አያታልልም። ቁጥር የለውም። ከኛ ቤት ጀምሮ እስከ ዛፎቹ ድረስ ያሉት ቤቶች ሁሉ ቁጥር አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ሰዎች ወረቀት የያዘ እንግዳ ባዩ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እናቴ በሳምንት አራት ቀን እንጦጦ ወጥታ ጭራሮ ትለቅምና በጀርባዋ ተሸክማ ሾላ ገበያ ታወርዳለች። አባቴን ከሞተ በኋላ ያወቅሁት በዚያ ቤት ነው፤ ጭቃውን የመረገው እሱ ስለሆነ፣ የጣቶቹ ምልክት ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር። እናቴ ያንን ቤት ከማጣት ሌላ የምትፈራው ነገር አልነበረም።

ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ በነበረው ሜዳ ላይ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት መሠራት ሲጀምር አንዱ መጋዘን ነው አለ፣ ሌላው ክሊኒክ ነው አለ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ደግሞ ጎረምሶችን ሰብስበው የሚያስሩበት ነው አሉ። ተሠርቶ ሲያልቅ በሩ ላይ «የነዋሪዎች መዝናኛ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ፤ በደንብ የፈራነው ያን ጊዜ ነው። እስር ቤት ቢሆን ይገባናል፤ ድሃን በነፃ የሚያዝናና ግን ከጀርባው አንድ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች እናቴ፣ ጭራሮዋን የምታስርበትን ገመድ በጉልበቷ እያጠበቀች። «ዛሬ ስምሽን የጻፈ ሰው ነገ ቤትሽን ይጽፋል። እዚያ በር አጠገብ እንዳላይሽ!»

በር አጠገብ አልሄድኩም። በአጥሩ በኩል ነበር የማየው። ከሰሚራ ጋር ቆርቆሮው ላይ በተበሳችው ቀዳዳ በየተራ እያየን፣ ነጯ ኳስ አረንጓዴው ጠረጴዛ ላይ ስትነጥር እንሰማለን። ሰሚራ ከላይኛው ቤት ናት፤ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ እኔ የማልናገረውን ሁሉ ለሁለታችን የምትናገር ልጅ ነበረች። አንድ ሐሙስ እናቴ እንጦጦ እንደወጣች እጄን ይዛ እየጎተተች በሩ ላይ ከተሰለፉት የሰፈራችን ልጆች ፊት አቆመችኝ። ለምን ከፊቷ እንዳደረገችኝ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬ ሳስበው የመጀመሪያውን ጥይት ሌላ ሰው ቢቀምሰው ይሻላል ብላ ይመስለኛል።

የምትመዘግበው ሜሮን የምትባል ወጣት ነበረች፤ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ የማዕከሉም ኃላፊ እሷው።

«ስም?»

ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

«ድምፅሽ ቤት ቀረ እንዴ የኔ ቆንጆ?»

«ብርቱካን ናት» አለች ሰሚራ ከኋላዬ።

«ኦኬ፣ ብርቱካን። የቤት ቁጥር?»

ይህን ማንም አላስጠናኝም። እኔ በሕይወቴ የማውቀው አንድ የቤት ቁጥር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ከፊት ለፊታችን ባለው አረንጓዴ የብረት በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎ የማነበው። «አራት መቶ አሥራ ሰባት» አልኩ። ሜሮን ጻፈችው፤ ሰማይም አልተናደም።

«ቀጥሎ? የቤት ቁጥር?»

«አራት መቶ አሥራ ሰባት» አለች ሰሚራ።

ሜሮን ቀና አለች። «ብርቱካንና ሰሚራ እህትማማቾች ናችሁ?»

«በአባት» አለች ሰሚራ ዓይኗን ሳታሽ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ልጆች ሁሉ እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ እየተቀባበሉ አራት መቶ አሥራ ሰባት አሉ። በማግስቱ ያልነበሩትም መጥተው እንደዚያው አሉ።

ቁጥሩ የጋሽ ከድር ነበር። ጋሽ ከድር ሾላ ገበያ ገመድና ከረጢት የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም። በራቸው ላይ ሁለት ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ መሰላል አያውሱም፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን የኮክ ዛፍ ፍሬዋን ቆጥረው ነው የሚያድሩት ይባላል። ልጅ ሲያጋጥማቸው መጀመሪያ የሚያዩት እጁን ነው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጠን በእሳቸው ላይ መቆማችን፣ መርጠን ሳይሆን ሌላ የምናነበው ቁጥር ስላልነበረ ነው።

ማዕከሉ ውስጥ የጠበቅነው ክፉ ነገር አልመጣም፤ ይህ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ጠዋት ከአስፋልቱ በታች ያሉ እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ፤ እጃችሁን ወደ ላይ ሲባሉ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ወገቤን ይላል። ከሰዓት በኋላ ጡረተኞቹ ጥላው ሥር በቆርኪ ዳማ እየተጫወቱ ይሰዳደባሉ፤ ቤታቸው ብቻቸውን ሲቀመጡ የሚያስሉት ሽማግሌዎች እዚያ ሲመጡ አያስሉም። ጎረምሶቹ መረብ ኳስ አላቸው። እኔ ግን ስትጨፈለቅ በፈላ ውሃ ከምናቃናት ኳስ ቀጥሎ የምወደው፣ መጽሐፍ ያለበትን ትንሹን ክፍል ነበር፤ ማንም ጮክ ብለሽ አንብቢ የማይልበት። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ያገኘሁት ከዚያ ክፍል ነው። ሁልጊዜ ግን ለበሩ ጀርባዬን አልሰጥም ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው መዝገቡን ገልጦ፣ አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ የቱ ነው፣ እንደሚለኝ እጠብቅ ነበር።

ያ ቀን መጣ። ሜሮን ፋይል ከያዘ አንድ ሰውዬ ጋር ዳገቱን እያለከለከች ወጣችና አረንጓዴውን በር አንኳኳች። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ስለደረሰ እኛ ልጆች ከአጥሩ ጥግ ተኮልኩለን ነበር። እናቴም በዚያችው ሰዓት ጭራሮዋን ተሸክማ ከእንጦጦ ስትወርድ ደረሰች፤ ወረቀቱን አይታ እዚያው ደርቃ ቀረች፣ ሸክሟን ማውረድ እንኳ አልቻለችም።

ሁለቱም ቁልፎች ተከፈቱና ጋሽ ከድር ብቅ አሉ። «ማን ከሰሰኝ?» አሉ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ማንም አልከሰሰዎትም ጋሼ» አለች ሜሮን። «ማዕከላችን ውስጥ ከዚህ ቤት የተመዘገቡ ልጆች አሉ። ለሕክምና ምርመራ ወላጅ መፈረም አለበት።»

«ስንት ልጅ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሰባቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው» አለ ሰውዬው ፋይሉን እያየ።

ጋሽ ከድር ወደኛ ዞሩ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እጃችንን አዩ። ከዚያ ፊታችንን አዩ፤ ከዚያ ከኋላችን ወደቆሙት ቁጥር ወደሌላቸው ቤቶች፣ በመጨረሻም ከጭራሮው ሥር ዓይኗ ብቻ ወደሚታየው እናቴ። ልጅ የለኝም ቢሉ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታዲያ የማን ናቸው፣ ከየትኛው ቤት ናቸው የሚል እንደሆነ እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ ገብቶኝ ነበር። አዎ ቢሉ ደግሞ ውሸቱ የገዛ ቤታቸው ላይ ይጻፋል።

«አላህ የሰጠኝን ትቆጥሪብኛለሽ?» አሏት ሜሮንን።

«ሁሉም የእርስዎ ናቸው?»

«የማን መሰሉሽ?»

«እናታቸውስ?» አለ ሰውዬው።

«እሷን ለኔ ተዋት።»

ወረቀቶቹን ተቀብለው በሩ ላይ ዘረጉና አንድ በአንድ ጠሩን። «ና ወዲህ፣ ስምህ ማነው? ታሪኩ? እሺ ታሪኩ፣ ዘወር በል። አንተስ?» ሁለተኛው ላይ ሜሮን አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ የልጆችዎን ስም አያውቁትም እንዴ?»

«ልጅ ሲበዛ ስም ይጠፋል። አንቺ አንድ ውለጂና እንነጋገራለን።»

ሜሮን ሳቋን ዋጠችና ፊቷን ወደ እንጦጦ አዞረች፤ ተፈርሞ እስኪያልቅ ባሕር ዛፎቹን እንደ ቆጣሪ አንድ በአንድ ስትመለከት ቆየች። የእኔ ተራ ሲደርስ እንደለመድኩት ድምፄ እምቢ አለ። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው፣ «ጮክ በይ እንጂ፣ አባትሽ ጆሮው ደክሟል» አሉኝ። ስሜን ጮክ ብዬ የተናገርኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

እናቴ የዚያን ዕለት አልመታችኝም፤ ከመምታት የባሰ ነገር አደረገች፣ ቁጭ ብላ አሰበች። «አንገታችንን አስያዝሽን» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ያ ሰውዬ የሚጠይቀንን እንጃ።» ሳይጠይቅ ለመቅደም ብላ አንድ እስር ጭራሮ በራቸው ላይ አስቀመጠች፤ ጋሽ ከድር ሰው አሸክመው መለሱት። «አየሽ? ትንሽ አይበቃውም ማለት ነው» አለች። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ ምንም አልጠየቁም፤ ባልጠየቁ ቁጥር እናቴ ዕዳው የሚያድግ ይመስላት ነበር።

ጋሽ ከድር ግን የፈረምኩበትን ልይ ብለው ወደ ማዕከሉ መጡ፤ መጥተውም ቀሩ። ከሱቅ ሲመለሱ ዳማው ጋ ይቀመጣሉ፣ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ለሠላሳ አንድ ልጅ ብቻቸውን ይቆጣሉ። በራቸው ላይ ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ መቼ እንደቀረ አላስተዋልንም። ከታች ሰፈር ጋር መረብ ኳስ ስንጫወት፣ «የከድር ልጆች! እናታችሁ ስንት ናት?» እያሉ ሲያበሽቁን ሰሚራ፣ «አንድ ናት፤ አንተን ግን አልወልድም ብላለች» ትላቸው ነበር።

በኋላ ማዕከሉ ውስጥ ሙቅ ውሃ ያለው ሻወር ተሠራ፤ ቅዳሜ የሴቶች ቀን ሆነ። እናቴ ሦስት ዓመት አልሄደችም። በነፃ ውሃ የሚያሞቅልሽ ሰው ምን ሊያበስልብሽ እንደሆነ አታውቂም ትላለች። አንድ ክረምት ግን ጀርባዋ ያዛትና ቀና ማለት አቃታት፤ ደግፌ ወሰድኳት።

«የቤት ቁጥር?» አለች ሜሮን።

እናቴ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «አራት መቶ አሥራ ሰባት» አለች።

ሜሮን አንገቷን ቀና ሳታደርግ ጻፈች። «ኦኬ፣ እናታቸው እርስዎ ነዎት ማለት ነዋ።»

«ውሃው አይቀዘቅዝም?» አለች እናቴ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

ውጭ የተሰለፉት ሴቶች በሩን እየደበደቡ እስኪጮሁ ድረስ አልወጣችም። ስትወጣ እንፋሎቱ ከፀጉሯ ይነሳል፣ ጀርባዋም ትንሽ ተቃንቷል። ቤት ስንደርስ ከመስኮቱ ወደ ውጭ ቃኘችና «እስካሁን የመጣ የለም» አለች።

የመጡት ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ለመንገድ ነው። መዝገብ አልያዙም፤ ሜትርና ቀለም ብቻ ነበር የያዙት። እናቴ ከመካከላቸው አንዱን ልጅ ይዛ፣ «እውነቱን ንገረኝ ልጄ፣ ስማችንን ከማዕከሉ ነው ያገኛችሁት?» አለችው።

«የቱ ማዕከል?» አላት።

ቁጥር ያለውም የሌለውም ቤት በአንድ ሳምንት ፈረሰ። የአባቴ ጣቶች ያረፉበት ግድግዳ ከአረንጓዴው በር ጋር በአንድ መኪና ተጫነ። እኛ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተከራየን፣ ሰሚራ ወደ ዘመዶቿ ሄደች፣ ጋሽ ከድር የት እንደገቡ በግርግሩ አላየንም። ያንን ጊዜ ሳሰላው ቤቱ ብቻ አይደለም የሚቆጨኝ። እናቴ በዚያ ውሃ የታጠበችው ስድስት ቅዳሜ ነው። ውሃው ሦስት ዓመት ከበራችን ሥር ሲፈስ እሷ ጀርባዋን በቀዝቃዛ ውሃ ስታሽ ነበር፤ የፈራነው መዝገብ ደግሞ ማንም ያላነበበው ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የምንኖርበት ቤት ብሎክም ቁጥርም አለው፤ ከጎናችን ያለው በር ማን እንደሚኖርበት ግን አላውቅም፣ እነሱም እኔን በበራቸው ቀዳዳ አጮልቀው ነው የሚያዩኝ። እናቴ አሁንም አንዳንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት ታቆምና፣ «ያ ሰውዬ ግን ምን ፈልጎ ነበር?» ትለኛለች።

ትናንት ከሥራ ቀርቼ ሾላ ሄድኩ። ገመድ ተራው ላይ አንድ ያረጁ ነጋዴ የሲባጎ ጥቅል ይጠቀልሉ ነበር።

«ጋሽ ከድርን ያውቋቸዋል? ከየካ ሚካኤል በላይ የነበሩትን?»

«ምኑ ነሽ?»

ሁሉንም ከመጀመሪያው ላስረዳ ፈለግሁ፤ የምዝገባውን፣ የቁጥሩን፣ የፊርማውን። እንዲህ ያለ ነገር አፌ ላይ አይመጣልኝም።

«ልጃቸው ነኝ» አልኩ።

የሽማግሌው እጅ ሲባጎው ላይ ቆመ። ከጫማዬ ጀምረው እስከ ሻሼ አዩኝ።

«ከድር ልጅ የለውም» አሉ። «ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እንግዲያው እኔም አላውቀውም፣ ልጄ።»

ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ ዓይናቸውን ከጀርባዬ ላይ አላነሱም።