«ስረቂ» የተባልሁ ዕለት

ስለ ጎንደር የሚያወራ ሰው ግንቡንና ጥምቀቱን ሳያነሣ አያልፍም። እኔ ደግሞ ቤዝቦል ተጫውተንበታል ስል የገዛ ልጆቼ እንኳ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የተጫወትሁት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳም በወሬ የመጣ አይደለም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ከድብ ባሕር ወዲያ ካለው አገራችን መጥቼ ከተማ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እማር ነበር። አንድ ዓመት ለትምህርት ቤታችን ከአሜሪካ አንድ ወጣት አስተማሪ መጣለት። ቀጭን፣ ቀይ፣ ፀሐይ ሲነካው አፍንጫው የሚላጥ ልጅ ነው፤ ከኛ ብዙም አይበልጥ። በቦርሳው ውስጥ አንዲት ነጭ ኳስና አንድ ወፍራም የቆዳ ጓንት ይዞ መጥቶ ነበር። ዱላውን ግን አላመጣም። ስለዚህ ለአንድ አናጢ በእጁ እያመለከተ፣ በአየር ላይ እየሣለ አስረዳው። አናጢው ራሱን ነቅንቆ ሄደና ከወይራ የተጠረበ፣ ለስላሳ፣ አንድ ጎኑ የወፈረ እንጨት ይዞ መጣ። አስተማሪው በደስታ አቀፈው። እኛ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅነው። ዘነዘና ነው። ሙቀጫው ብቻ ነው የቀረው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ልንገረው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዘነዘናው ይመታል። የመታው ሰው ሜዳው ላይ የተቀመጡትን ሦስት ማረፊያዎች እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይሮጣል። ማረፊያዎቹ የኛዎቹ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች ነበሩ። አንድ ጊዜማ የጎረቤት አህያ ሁለተኛውን ጆንያ ቀድዳ ጭዱን ስትበላ ጨዋታው ቆመ። የተነሡበት ቦታ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ስሙም «ቤት»። ሦስቱን ጆንያ አልፎ ድንጋዩን የረገጠ ቤት ገባ ይባላል። ጆንያ ላይ ሳይሆን በመንገድ ላይ እያለ ኳስ በያዘ እጅ የተነካ ግን ይወጣል።

የገና ጨዋታ የወንድ ነው። ሴት ልጅ ከዳር ቆማ ትዘፍናለች እንጂ ገና አትመታም፤ ይህን ማንም አይከራከርም። ቤዝቦል ግን ለሴት ነውር ነው ያለ ሽማግሌ አልነበረም። ማን ያውቀውና! ነውሩ ሳይደርስብን ቀድመን ገባንበት። አንድ ልጅ ብቻ «ሴት ምን ታደርጋለች?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «ዘነዘና የማን ዕቃ ነው?» አልሁት። ጌሾ ሲወቅጥ ላደገ ክንድ ያ እንጨት ምንም አይደለም። የኔ መላ ግን ከክንዴም ይልቅ እግሬ ነበር።

የአስተማሪያችን አማርኛ አንድ ችግር ነበረበት። ለሱ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። አክስቴን «ደህና ነህ?» ይላታል። እኔን «ሩጥ! ጎበዝ! ተመለስ!» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያላወቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እያወጣ ያለ ርኅራኄ ይጠቀምበታል። በጨዋታው ውስጥ ጆንያ ላይ የቆመ ሰው ወርዋሪው ሲዘናጋ ጠብቆ፣ ኳስ እስኪመታ ሳይጠብቅ፣ ወደሚቀጥለው ጆንያ መሮጥ ይችላል። በነሱ አገር ይህን መስረቅ ይሉታል አሉ። እሱም ቃሉን ፈልጎ አገኘና አስተማረን፤ «ስረቅ!»

መጀመሪያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ለመድነው። ሲለመድ ደግሞ ቃሉ ውስጥ የነበረው ሌብነት ተረሳን። ተራዬ ደርሶ ጆንያ ላይ ስቆም ክፍሉ በሙሉ «ስረቂ! ስረቂ!» ይላል፤ እኔም እሰርቃለሁ። የትምህርት ቤቱ ስመ ጥር ሌባ እኔ ነበርሁ፤ እኮራበትም ነበር።

አባቴ በአገራችን አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋል፤ ቃል ሲበላሽ ጥርስ እንደሚያመው ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል። ከተማ እንድማር የፈቀዱት አክስቴ ለምናቸው ነው፤ ሲፈቅዱም «አይቼ እወስናለሁ» ብለው ነበር። ወደ አገራችን ብመለስ የሚጠብቀኝን ነገር አውቀዋለሁ። ከወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀውኛል፤ ሸጋ ቤት ናቸው ይባላል፤ በሬዎቻቸውም የታወቁ ናቸው። እኔ በሬ ማግባት አልፈለግሁም። መማር ፈለግሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ ይህን አሁንም ሳስበው ደረቴን ይሞቀኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ፀጉሬን እየሠራችልኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባትሽ ዛሬ ይመጣሉ። የጭነት ማኪና ነጂውን፣ ለመመለሻ የፊት ወንበር ላይ ለሁለት ሰው ቦታ ያዝልኝ ብለውታል አሉ።»

«ለሁለት?»

«ለሁለት። ሰው ተማሪዋ ባልጋለች ብሎ አሳብቆ ይሆናል። እባክሽ ዛሬ እንኳ ቁጭ በይ።»

ቁጭ ማለት አልቻልሁም። የአዘዞ ልጆች ከነቡድናቸው በእግራቸው መጥተው ሊገጥሙን ነው፤ ቡድናችን ያለ እኔ ምን ሊሆን! ደግሞም አባቴ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሱ ብዬ ራሴን አታለልሁ። ማኪናው ግን መንገድ ቀንቶት ቀደም ብሎ ገብቶ ኖሯል። አባቴም አክስቴ ቤት ሳይሄዱ፣ ልጄ ትማራለች የተባለበትን ቦታ በዓይኔ ልይ ብለው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ።

እኔ ያን ሰዓት ሁለተኛው ጆንያ ላይ ነኝ። ወርዋሪው ዘወር ሲል ተነሥቼ ወደ ሦስተኛው በረርሁ። ሜዳው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ስረቂ! ስረቂ!» አለ። አስተማሪው ከሁሉም በላይ «ስረቅ!» እያለ ይዘላል። በዚያ ጩኸት መሀል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የማውቀው ድምፅ።

«በሕግ አምላክ!»

የዛሬ ልጅ ይህን አያውቀውም። ያን ጊዜ አንድ ሰው በሕግ አምላክ ካለ የሚሮጠው ይቆማል፤ የተነሣው ዱላ ይወርዳል፤ ጠበኛም እጁን ይሰበስባል። አልፎ የሄደ በሕግ ላይ እንደሄደ ይቆጠራል። እኔ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጆንያ መካከል አንድ እግሬን አንሥቼ ቀረሁ። የአዘዞ ልጆች ደረቁ። ኳሷ ብቻ ሕግ አታውቅምና ተወርውራ መጥታ፣ ሊቀልባት የሚገባው ልጅ እጁን ስላላነሣ፣ አጠገቡ አልፋ ወደ አጥሩ ተንከባለለች። አስተማሪው «ምንድን ነው? ሩጥ! ስረቅ!» እያለ ብቻውን ይጮኻል።

አባቴ ኩታቸውን አደግድገው ወደ መሀል ሜዳ ገቡ። እኔን አላዩኝም፤ ወይም ያላዩ መሰሉ።

«ልጄን ልኬ ነበር፤ እንድትማር» አሉ ለሁሉም። «በጠራራ ፀሐይ ሌብነት ታስተምሯታላችሁ። ያውም ሴቷን ስረቅ እያላችሁ፣ በወንድ አንቀጽ! ምነው? ምን አድርጌያችሁ? ሽማግሌ ይስማኝ። ከረታሁ አሁኑኑ ይዣት እሄዳለሁ።»

ዳኛ ናቸውና የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው እንደማይዳኙ ያውቃሉ። ዞር ዞር ብለው አዩ። በአጥሩ በኩል ከገበያ የሚመለሱ አንድ በግ የሚጎትቱ ሽማግሌ ቆመው ጉዱን ይመለከታሉ። አባቴ እጅ ነሥተው «አያ፣ በእግዜር ይዳኙን» አሉ። እንዲህ ሲባል እምቢ አይባልም። ሽማግሌው ገቡ፣ በጋቸውን ለአንድ ልጅ አስያዙ፣ የሚቀመጡበት ፈለጉና ሁለተኛው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ሁላችንም ዙሪያቸውን ቆምን። አክስቴም ወሬው ደርሷት እያለከለከች መጣች።

ሽማግሌው አስተማሪውን አዩት። «አንተ ልጅ፣ ስረቅ ብለሃታል?»

አስተማሪው ገጽታው በራ። በመጨረሻ የገባው ጥያቄ ነው። «አዎ!» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ፤ «በጣም ጥሩ ሰረቀ!»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ «ይኸው፣ አመነ» አሉ።

«ታዲያ ምን ሰረቀች?» አሉ ሽማግሌው።

ሰው ተያየ። «ጆንያ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«የትኛውን ጆንያ?»

«ያንን። ሦስተኛውን።»

«ያው ተቀምጦ የለም እንዴ?» ሽማግሌው የተቀመጡበትንም ጆንያ መታ መታ አደረጉና ግራ ተጋቡ። «ይህን ጨዋታ የሚያስረዳኝ ሰው የለም?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ዝም ብል ማታ አገሬ ነኝ። አባቴን ሳይሆን ሽማግሌውን እያየሁ ተናገርሁ።

«አያ፣ ሌባ ሰው እንዳያየው ነው የሚሄድ። እኔ የምሮጥ አገር ሁሉ እያየኝ ነው። የማነሣው ነገር የለም። ሮጬ ያ ጆንያ ላይ መቆም ብቻ ነው። ከያዙኝ እወጣለሁ፤ ካልያዙኝ ቦታው የኔ ይሆናል። ማንም ነይ ቁሚ ብሎ አይሰጠኝም። ካልቀደምሁ በቀር አላገኘውም።»

ከዚያ ልናገር ያላሰብሁት ቃል ከአፌ ወጣ። «ትምህርቱም እንደዚሁ ነው፣ አያ። እባክዎ አያስወጡኝ።» ይህን ያልሁት ለአባቴ ነው። እንባዬም መጣ፤ ተናደድሁበት።

ሽማግሌው የተቀመጡበትን ጆንያ እንደገና ዳሰሱት። በጉ ጮኸ።

«ልጅቱ ንጹሕ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ፈረንጁም ክፋት አላየሁበትም፤ አማርኛ ነው ያጠረው። ጥፋቱ የቃሉ ነው። ስረቂ የሚለው ይሻር፤ ከሳሹ የቤተ ክህነት ሰው ናቸውና ሌላ ቃል ይስጡ።»

አባቴ አላሰቡትም ነበር። ፍርድ ሲሰጡ እንደሚያደርጉት ጢማቸውን ያዙ። ወደ ሦስተኛው ጆንያ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፤ ከመጡ ያን ጊዜ ነው ደኅና አድርገው ያዩኝ።

«ቅደሚ» አሉ። ቀጥለው ለአስተማሪው ጣታቸውን አነሡ። «ለሴት፣ ቅደሚ። ለወንድ፣ ቅደም። ሴት ናት፤ በሴት አንቀጽ ጥራት።»

«ከደሚ» አለ አስተማሪው።

«ቅ!»

«ከ!»

አባቴ ተስፋ ቆረጡና ሳቁ። አባቴ ከሰው ፊት ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጨዋታው ከየት ይጀምር የሚል ክርክር ተነሣ። ሽማግሌው፣ ሕግ ያስቆመው ሰው በሕግ ምክንያት አይጎዳምና ሁሉም በነበረበት ይመለስ ብለው ፈረዱ። አስተማሪው እንዲህ ያለ ደንብ ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። እኔ በሁለቱ ጆንያ መሀል፣ እግሬን ባነሣሁበት ቦታ ቆምሁ። ኳሷም ለአዘዞ ልጆች ተመለሰች። ማንም ገና አፉን ሳይከፍት ከሜዳው ዳር አባቴ ጮኹ።

«ቅደሚ!»

ሮጥሁ። በጉልበቴ ተንሸራትቼ ጆንያውን ያዝሁ፤ ጠባሳው ያን ጊዜ የመጣ ነው። ቀጣዩ ልጅ ኳሷን ሲመታ ድንጋዩን ረገጥሁና ሰው ሁሉ «ቤት ገባች!» አለ። አባቴ መጥተው ድንጋዩን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይቺ ናት ቤት?» አሉኝ። «አዎ፣ አያ።» «ጠባብ ናት» አሉ። ያሸነፉት ግን አዘዞዎች ናቸው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

አመሻሹ ላይ እኔና አክስቴ እስከ ማኪናው ሸኘናቸው። ስለ መውሰድም ስለ መተውም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ልብሴን ጠቅልዬ በእጄ ይዤ ነበር፤ ምናልባት ብዬ። ነጂው የፊተኛውን በር ከፈተና «ሁለት ሰው ነበር ያሉኝ፣ ሁለተኛው የታለ?» አለ።

አባቴ ገቡ። ከአገር ይዘውት የመጡትን ዘንቢል ለኔ በተያዘው ወንበር ላይ አስቀመጡትና በሩን ዘጉ። ማኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ብቅ ብለው የያዝሁትን ጥቅል አዩ።

«ምነው ትቆሚያለሽ?» አሉኝ። «ነገ ትምህርት የለም እንዴ?»

«ነገ እሑድ ነው፣ አያ።»

«እንግዲያስ ሰኞ» አሉ። «ቅደሚ።»