ቆሻሻ የጠፋበት የቦይ ዳር

ቨርና ሃርባው ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኗ ግማሹ መንገዱ ላይ፣ ግማሹ መስታወቱ ላይ ነበር። ማን ወንበር ላይ ማስቲካ እንደለጠፈ፣ ማን የማንን ኮፍያ በመስኮት እንደወረወረ ዞር ሳትል ታውቅ ነበር። ጡረታ ስትወጣ አውቶቡሱን አስረከበች እንጂ ያቺን ዓይኗን አላስረከበችም። በሜሪላንድ ተራሮች ሥር ባለችው ከተማዋ ሰው ደህና አደርሽ ሲላት እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ብላ፣ ሁለት እርምጃ ካለፈች በኋላ ዞራ የምታይ ሴት ናት።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሕይወቷ አሮጌው ቦይ ነው። ድሮ በቅሎዎች የከሰል ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው መንገድ ዛሬ ፓርክ ሆኗል፤ ብስክሌተኛው ይከንፍበታል፣ ሯጩ ላቡን ያንጠፈጥፍበታል፣ ቤተሰብ ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። የቦዩ ወዳጆች ማኅበር ይህን ረጅም መንገድ፣ ድሮ ጀልባ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ከተሠራው ከአንዱ የውሃ በር እስከ ቀጣዩ እየቆራረጠ ለፈቃደኞች አድሎታል። ድርሻ የወሰደ ሰው ድርሻውን በእግሩ እየሄደ ይጠብቃል፤ ቆሻሻ ይለቅማል፣ የወደቀ ዛፍ ወይም የተሸረሸረ ዳርቻ ካየ ያመለክታል። ክፍያ የለውም። ያም ሆኖ ድርሻውን በፈቃዱ የለቀቀ ሰው እምብዛም አልታየም፤ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ቨርና ከላይኛው በር እስከ ታችኛው በር ያለውን ሁለት ማይል ሃያ ሁለት ዓመት ይዛዋለች።

ባለፈው መጋቢት ታችኛው በር ሥር ካለው የድንጋይ እርከን ላይ አንድ የውሃ ጠርሙስ ላንሣ ስትል አዳልጧት ወደቀች፤ ዳሌዋም ተጎዳ። በጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ልጇ ጆሊን ይብቃሽ ብላ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻም አለቀሰችባት። ቨርና ወይ ፍንክች አለች። ማኅበሩ አበባ የተሳለበት ካርድ ላከላት። ቶሎ እንድትድን ይመኝና ድካም ከተሰማት እንድታሳውቃቸው ይጠይቃል። ደግ ሰዎች በደግ ልብ የጻፉት ነው። ቨርና ግን ካርዱን ሦስት ጊዜ አንብባ፣ ጣቷን “ድካም” የሚለው ቃል ላይ አሳርፋ ቆየች። ድርሻዬን ለማን ሊሰጡት ነው?

በሰኔ ዳሌዋ ሲሻላት ከረጢቷንና ረጅሙን መልቀሚያዋን ይዛ ወጣች። መንገዱ ንጹሕ ነበር። በሳምንቱ ስትመጣም ንጹሕ ነው። ቁጥቋጦው ሥር ብትፈልግ የከረሜላ ወረቀት እንኳ የለም። ውሃው ያመጣውን ሁሉ የሚያከማቸው ያ የድንጋይ እርከን ሳይቀር ተጠርጎ ጠበቃት። ከረጢቷ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

በጣም ተናደደች። አንድ ሰው ከእሷ እየቀደመ ነው፤ የሚቀድማትም ነገ ማኅበሩ ፊት ቆሞ አሮጊቷ መጣችም ቀረችም ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ ለማለት ነው። ይህ ለቨርና እንደ ፀሐይ የጠራ ነገር ነበር። ቢጫ ኮፍያ የምታደርገዋን ብስክሌተኛ ጠረጠረች። ውሻ ይዞ የሚያልፍ አንድ ጎልማሳ መንገዱ እንዴት ያምራል ቢላት፣ ይሄማ ሆን ብሎ ሊያበሽቀኝ ነው አለችና እሱንም ጠረጠረች። በመጨረሻ ከታችኛው በር ከፍ ብሎ ዓሣ ወደሚያጠምደው ወደ ኤልውድ ሄደች። ኤልውድ ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው፤ ከታጣፊ ወንበሩና ከቀይ የቢራ ጣሳው ጋር ጠዋት ይቀመጣል፣ ለምሳ ይነሣል። ባዶ ጣሳዎቹን ግን በባልዲው ይዞ ይሄዳል፤ ይህን ቨርና ራሷ ታውቃለች።

“ጠዋት ጠዋት እዚህ ቆሻሻ የሚለቅም ሰው አይተሃል?” አለችው።

“ሚስ ቨርና፣ የሚለቅሙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

“ከኔ በፊት የሚመጣ ማለቴ ነው።”

“እኔ ስመጣ ፀሐይ ወጥታለች። ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ዓይኔ ክሩ ላይ ነው። ዓሣዎቹን ይጠይቋቸው፣ ለኔ እንደሆን አልመልስ ብለውኛል።”

ቨርና አልሳቀችም። ቀልድ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሌላ ሰው ቢነግራት አታምንም ነበር። ከጎረቤቷ የቆሻሻ በርሜል ቀያይ የቢራ ጣሳዎች አወጣች፤ ኤልውድ የሚጠጣው ዓይነት ነው፣ በዚያ ከተማ ርካሹና ተራው እሱ ነው። አንዱን መንገዱ ዳር ጣለች። በማግስቱ የለም። ሁለተኛውን እሾሁ ውስጥ ወረወረች፤ እሱም ተለቀመ። እንግዲያው ድርሻዬን የፈለገ ምን ያህል እንደፈለገው ልየው አለችና ከበሩ ግንብ ላይ ቆማ፣ ግራና ቀኝ ተገላምጣ፣ አንድ ጣሳ ቁልቁል እርከኑ ላይ ለቀቀች። ሃያ ሁለት ዓመት ቆሻሻ ያነሣች እጅ ቆሻሻ ጣለች። ያቺ ቦታ እሷን የጣለች ቦታ ናት፤ ነፍሱን የሚወድ ሰው አይወርድባትም። ሆኖም ጣሳው ጠፋ። እንደገና ጣለች፣ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛውም እንዲሁ።

በዚህ መሐል ኤልውድ ከቦታው ጠፋ። አንድ ሳምንት ታጣፊው ወንበር አልታየም፣ ሁለተኛውም ሳምንት አለፈ። ቨርና ነቃሁበት መሰል ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው ምን ያስሸሸዋል?

አራተኛውን ጣሳ እርከኑ ላይ ጥላ ባደረችበት ሐሙስ፣ ወፎቹ ሲንጫጩ ወጥታ ከድሮው የበር ጠባቂ ቤት ግድግዳ ጀርባ ተሸሸገች። ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል። ብዙም ሳትቆይ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ቆቡን የደፋ ሰው ከረጢት ይዞ መጣ። መንገዱን በዓይኑ እየቃኘ በቀጥታ ወደ ግንቡ ሄደ፤ ዘወር ብሎ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ የዛፍ ሥር ጨብጦ ወደ እርከኑ መውረድ ጀመረ። ቨርና ያችን አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ጸጥ የምታሰኝ ድምጿን አዘጋጀች። ሰውየው ጣሳውን ለማንሣት ጎንበስ ሲል ቆቡ ወደ ኋላ ወደቀ።

ጆሊን ናት። በዘጠኝ ዓመቷ ከመዋኛ ገንዳ ሥር ጎትተው ያወጧት፣ ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ብትሄድ እንኳ ከአሸዋው የማታልፈው ጆሊን።

ቨርና ጠርታ ልታስደነግጣት አልደፈረችም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ልጇ በጉልበቷ እየዳኸች እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች፤ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ፈርታ አታውቅም።

“እማዬ?” አለች ጆሊን ስታያት። “ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“አንቺስ?”

ጆሊን ጉልበቷ ላይ ያለውን ጭቃ እያራገፈች ሁሉንም ነገረቻት። ከሚያዝያ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በፊት ትመጣለች። እናቷን ከመንገዱ ማስቀረት እንደማትችል ገብቷታል፤ የሚለቀም ነገር ከሌለ ግን ወደ እርከኑ አትወርድም። ብትነግራት እንደማትፈቅድላት ስለምታውቅ አልነገረቻትም።

“አንድ ክፉ ሰው ግን አለ” አለች ጣሳውን አንሥታ እያሳየች። “ይኼ አራተኛው ነው። ሁልጊዜ እዚያው አንቺ የወደቅሽበት ቦታ ነው የሚጥለው። አውቆ ነው፣ እንድትወርጂለት። ለፓርኩ ጠባቂ ነገርኩት። ይኼን ቢራ እዚህ የሚጠጣው ኤልውድ ብቻ ነው፤ ጠባቂውም በረዶ እስኪጥል ድረስ እዚህ እንዳይደርስ ከለከለው። አላደረግኩም ብሎ ማለ አሉ። ምን ይበል ታዲያ?”

ልጅቷ የእናቷን ዓይን ወርሳለች። ቨርና ይህን ያን ጊዜ አየችና ደስ አላላትም።

ያያት ሰው የለም። ዝም ብትል ያልፋል። ቆሻሻ ሲጥል የተገኘ ፈቃደኛ ድርሻውን እንደሚነጠቅ ታውቃለች፤ ይህን ደንብ ራሷ ናት በስብሰባ ላይ ጮኻ ያጸደቀችው። ዝም ለማለት ፈለገች፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈለገች። ግን ጭቃው ገና ከጆሊን ጉልበት አልለቀቀም ነበር።

“የምጥለው እኔ ነኝ” አለች።

“ምኑን?”

“ጣሳውን። ድርሻዬን ሊነጥቀኝ የሚመጣ ሰው አለ ብዬ ላጠምደው ነው።”

ትጮሃለች ብላ ቨርና ጠብቃ ነበር፤ ልጅቷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ለነዚህ ጣሳዎች ብቻ አራት ጊዜ ወርጃለሁ፣ እማዬ። በወረድኩ ቁጥር ልጆቼን እያሰብኩ ነው።”

ጆሊን ስልኳን አውጥታ የጠባቂውን ቁጥር ፈለገች፤ ልትደውል ስትል ግን ቨርና ስልኩን ከእጇ ወሰደችው።

ጠባቂው እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ ስልኩን አነሣ። ቨርና ስሟን ነገረችው፤ ኤልውድ ዛሬውኑ ይቅርታ ተጠይቆ ወደ ቦታው ይመለስ፣ ጣሳዎቹን የጣልኩት እኔ ነኝ አለችው። ሰውየው እየከበደው፣ ለማኅበሩ ማሳወቅ ስላለበት ድርሻዋ የትኛው እንደሆነ ጠየቃት።

“ከላይኛው በር እስከ ታችኛው በር ያለው የኔ ነው” አለችና ወዲያው ቃሏን አረመች። “የኔ ነበር።”